ከፊት የሚከፈት

ታላቅ ወንድሟ ሦስት ቱኒክ ገዝቶ መጣ። እሷ በስልክ የነገረችው ግን ሸሚዝ እንዲገዛ ነበር፤ ሰፋ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ።

"ያው ነው እኮ ሚጣ" አላት፣ አንዱን ከላስቲኩ እያወጣ። "እንዲያውም ይሄ ይሻላል። እስኪ ቀለሙን እዪው!"

ቀለሙን አየችው። አንገቱንም አየችው፤ ጠባብ ነው፣ ከሥሩ አንድ ቁልፍ እንኳ የለውም። እናታቸው ገና መታጠቧ ስለሆነ በውስጥ ልብሷ ላይ ፎጣ ደርባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስትሮክ ግራ ጎኗን ከጣለው ወዲህ ክንዷ ደረቷ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ሸሚዝ ቢሆን የታመመው እጅ ይቀድማል፣ ልብሱ በጀርባ ይዞራል፣ ጤነኛው ይከተላል፣ አለቀ። ቱኒክ ግን በራስ የሚጠለቅ ነው፤ እጅ ይነሳልኝ ይላል።

"ጋሼ፣ ይሄ ለእማዬ አይሆንም።"

"አንቺን ደግሞ ምን ያስደስትሻል?"

"እንግዲያው አንተ አልብሳት።"

ልብሱን በራሷ ላይ ደፋው፣ ጤነኛውን እጅ አወጣ፣ ከዚያ ሌላውን ክንድ ይዞ ወደ ላይ ሳበው። የእናትየው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ከጨርቁ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

"ግድ የለም የኔ ጌታ፣ ቀስ ብሎ ይገባል። ሲያምር!"

የሚጣ ደም ፈላ። በየጠዋቱ እሷ ስታለብሳት፣ ጣቷ ትንሽ ከቀዘቀዘ "ገደልሽኝ! እጅሽ ይሰበር!" የምትል ሴት፣ በዓመት አንዴ ብቅ ለሚለው ልጇ እንደ ጆንያ ተቋጥራም "ሲያምር" ትላለች። ምኑን አይታው?

መቀሱን ከመሳቢያው አወጣች። ጨርቁን ከእናቷ ገላ አርቃ ያዘችና ከታች ጫፉ እስከ አንገቱ ሰነጠቀችው።

"አብደሻል እንዴ!"

"አሁን ሸሚዝ ሆነ" አለችው።

እናትየው ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ብቅ አለች። "እንዲህ ያለ ልብስ ይቀደዳል?"

"አሞሽ ነበር አይደል? ንገሪው።"

"ምንም አላመመኝም።"

"እማዬ!"

"እሱ እኮ እንግዳ ነው ልጄ" አለች እናትየው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እዚያው አጠገቧ የቆመው ልጇ የማይሰማ ይመስል። "እንግዳ ላይ ይጮኻል? አንቺ ግን የራሴ ነሽ።"

ወንድምየው በጥፊ እንደተመታ ሰው ፊቱ ቀላ። ሚጣ ቃሉ ልቧን እንዲያለሰልሰው ጠበቀች። አላለሰለሰውም። የራስ መሆን ስድብ መቀበል ብቻ ከሆነ ምን ያደርግላታል?

"እነዚህን ልለውጣቸው እንዴ?" አላት ወንድሟ፣ የቀሩትን ሁለቱን እየሰበሰበ።

"ትለውጣቸዋለህ። መጀመሪያ ግን ይሄን አልብሰህ ጨርስ። ጤነኛውን አውጣና ከታመመው እጅ ጀምር።"

እጇን አጣምራ ግድግዳውን ተደገፈች። ወንድሟ አጎንብሶ የታመመውን ክንድ ያዘ፤ አያያዙ አያምርም። ልትረዳው ከግድግዳው ተላቃ ነበር፤ ተመለሰች።

"ካመመሽ ጩኺበት" አለቻት እናቷን።

እናትየው መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ጮኸች።