ለወርቃማው ተራራ የተሳለው ጃንጥላ

እኔ ያልኩት ተራራ አለ ነው። ተራራው ደግሞ አለ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን፣ እኛ ቤት በረንዳ ላይ ቆሞ ያላየው ዕውር ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣበት ወርቅ ራሱ ያፍራል። እሑድ እሑድ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ይሰበሰብበታል፤ ይኼም እውነት ነው። በዚህች ብቻ ተነሥተው አማቴ እትዬ የዓለምወርቅ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ስለት ይሳላሉ ብዬ በምን ልጠርጥር?

በስልክ ነው የነገርኳቸው። ቁልቢን ሲያነሱ፣ ግሸንን ሲያነሱ፣ ጎረቤታቸው ኢየሩሳሌም ተሳልማ መምጣቷን ለሺህኛ ጊዜ ሲነግሩኝ፣ እኔም ሰው ነኝና፣ «እዚህ የገብርኤል ወርቃማ ተራራ አለ፤ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለው። ከዚህ ሕዝብ አጠገብ የቁልቢው የማኅበር ጠበል ጠዲቅ ነው» አልኳቸው። ጨዋታ ነው። እሳቸው ግን ስልኩን ዘግተው ተንበረከኩ፤ ዓመታት ሙሉ ልጅ ያጣችው ልጃቸው ፀገነት ከወለደች ተራራውን በባዶ እግራቸው ወጥተው ጃንጥላ ሊያስገቡ ተሳሉ። ሚስቴ ወለደች።

ከዚያማ ማን ይቻላቸው። ኤርፖርት ሻንጣውን ሁሉ ለእኔ ጥለው ጃንጥላውን ታቅፈው ወጡ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዘርፉ ወርቃማ፣ አንድ ደብር የሚያስጠልል። ቤት ሲገቡ ሕፃኑን ገና ስመው ሳይጨርሱ፣ «ተራራው የታለ?» አሉኝ።

ዝናብ ነው አልኩ። ሌባ አለ አልኩ። ታክሲዎች አድማ መተዋል አልኩ።

«የእኔ ስለት አድማ አይመታም» አሉ። ፀገነት ሳቋን ለመደበቅ ሕፃኑን ፊቷ ላይ ታደርጋለች። ይቺ ናት እንግዲህ የትዳር አጋሬ።

እሑድ፣ እዚህ ባኪ በሚሏት ፒክአፕ መኪናዬ ወሰድኳቸው። ከተራራው ሥር ነጭ የለበሱ የአገሬው ምእመናን ዘንግ ይዘው ከበሮ ይመታሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ሌላ፣ ቋንቋቸው ዙሉ፤ አማቴ ግን «ይኸው መቋሚያው፣ ይኸው ከበሮው» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሴቶቹም «ሳውቦና ጎጎ» ብለው እንደ አያታቸው መንገድ ለቀቁላቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔን፣ በወጣትነቴ ድንጋይ ተሸክሜ ከድሬዳዋ ቁልቢ በእግሬ የገባሁትን ሰው፣ ኋላ አስቀርተውኝ ወጡ።

«ቤተ ክርስቲያኑስ?» አሉኝ አናቱ ላይ።

«ደመና ሲሆን ነው የሚታየው።»

ጥቂት አዩኝና ጎንበስ ብለው አፈሩን በላስቲክ መዛቅ ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉት ነው?»

«እምነት ነዋ። ማታ በውሃ በጥብጬ ለልጁ አጠጣዋለሁ።»

ያ ተራራ፣ ተራራ አይደለም። ወርቅ አውጪዎች ከመሬት ሆድ ቆፍረው፣ ወርቁን በመርዝ አጥበው የከመሩት አፈር ነው። የሰፈሩ እናት ሁሉ ልጇን ከአቧራው ትከለክላለች።

«እትዬ፣ ይድፉት። መርዝ ነው።»

«ቅዱስ ነው ያልከኝ አንተ።»

«የወርቅ ማጠቢያ መርዝ አለበት። አንድ ቁንጣሪ ዝሆን ይጥላል። አምና አንድ መንደር ሙሉ…»

«አሳምነው፣ ዝሆኑን ተወው።» ላስቲኩን ቋጥረው ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡት። «ጃንጥላውን ደመና ሲሆን አስገባለሁ። ልጁ ግን ዛሬ ይጠጣል።»

ሌላውን ሁሉ ያመኑኝ ሴትዮ ይህችን አላምን አሉ። ሰው እንዲህ ይደረጋል?

መኪናው ጋ ስንደርስ እግራቸውን አየሁት። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቢጫ ሆኗል። በዚህ እግር ነው ልጄ መዳህ በጀመረበት ምንጣፍ ላይ የሚሄዱት። የመጠጥ ውሃዬን አወጣሁና ተንበርክኬ ማጠብ ጀመርኩ፤ ጣት በጣት፣ ተረከዛቸው ስንጥቅ ውስጥ ድረስ።

«ዝም አልክ» አሉ ከላይ።

ማጠቤን ቀጠልኩ።

«እውነትህን ነው ማለት ነው።» ላስቲኩን አውጥተው ደፉት፤ እጃቸውንም ዘረጉልኝ፤ አጠብኩት። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ስለቴስ? እሱ ልጅ ሰጥቶኝ እኔ አፈር ክምር ላይ ቆሜ ልቅር?»

ወዲያው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ጃንጥላውን ጭኔ ላይ አኖሩት።

«የተሳልኩት ለገብርኤል ነው። ተራራውን አንተ ነህ ያመጣኸው፣ ቁልቢ አንተ ታደርስልኛለህ። መንገዱን በእግርህ እንደምታውቀው ነግረኸኛል።»

«እትዬ፣ ያኔ እኮ…»

«ድንጋዩ ይቅርልህ። ጃንጥላው ይበቃሃል።»

ይኸው ታኅሣሥ ደረሰ። ጃንጥላው ሳሎን ጥግ ቆሞ ያየኛል። ፀገነት አዝናልኝ የእግር ጉዞ ጫማ ገዝታልኝ ነበር፤ አማቴ አስመለሷት፤ ስለቱ በባዶ እግር ነው። ትናንት ከድሬዳዋ ቁልቢ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ስልኬ ላይ አየሁት። ሳወራው እንዲህ አይርቅም ነበር።