በእኔ በኩል አያልፍም

ወንድሜና እህቴ የተጣሉት በመኪና ነው። አባታችን የተቀበረ ዕለት ከፊት በሚሄደው መኪና ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን ማን ይቀመጥ ተባባሉ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። እኔ ያን ቀን የተከራየነውን ወንበር በጫነው ፒክአፕ ላይ፣ ከወንበሮቹ ጋር ነበርኩ። በእኔ ቦታ የተጣላ የለም።

ሁለቱም ታላቆቼ ናቸው። እህቴ እናታችንን ይዛ ትኖራለች። የተማረው ወንድሜ ነው፤ ከሁለት ወንዶች አንዱ ብቻ ይማር ሲባል ማን እንደሚቀር እንኳ አልተመከረበትም፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ካውያ ያዝኩ። እናታችን ዓይኗ በየጊዜው ይታያል፣ መድኃኒት ይገዛላታል። ስለዚህ ሁለቱ ሳይነጋገሩ መነጋገር ነበረባቸው። ንግግራቸው በእኔ በኩል ሆነ።

ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ወትፌ እተኩሳለሁ። ጠዋት እህቴ ናት፤ "ለዚያ ወንድምህ ንገረው" ብላ ትጀምራለች። ምሳ ሰዓት ወንድሜ ነው፤ "ለእህትህ ንገርልኝ" ይላል። አንደኛው ለሌላው ምኑም አይደለም፤ ሁለቱም የእኔ ብቻ ዘመድ ናቸው።

እሷ "ዓይነ ደረቅ፣ እናት ያለው አይመስልም በለው" ትላለች። እኔ ለእሱ "እማዬ ናፍቃሃለች ትልሃለች" እላለሁ። እሱ "ጭቅጭቅ አብሯት ነው የተወለደው" ይላል። እኔ ለእሷ "ሥራ በዝቶበት ነው፣ ይቅርታ ብሏል" እላታለሁ። የተጨማደደ ተቀብሎ የተተኮሰ ማስረከብ ሙያዬ ነው። የሸሚዝ እድፍ ግን በውኃ ይሄዳል፤ የእነሱ እኔ ጋ ይቀር ነበር።

አጠገቤ ልብስ የምትለየው ሴትዮ "ፖስታ ቤት" የሚል ስም አወጣችልኝ። "ፖስታ ቤት፣ ዛሬ የመጣ የለም?" ትለኛለች። አንድ ቀን ደግሞ "እውነተኛው እንኳ እሑድ ይዘጋል እኮ" አለችና ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

መቼ እንደጀመረኝ እንጃ፤ ብቻ ነገር መሰማት ተወኝ። እበላለሁ፣ ምን እንደበላሁ አልለይም። እተኛለሁ፣ ሲነጋ የተኛ ሰው አልመስልም። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ጋ እሄዳለሁ። እማዬ ጎረቤቶቿን እያስመሰለች ታስቃለች፣ ድምፃቸውን ሳይቀር ታወጣዋለች። በዚህ ዓለም የቀረኝ ደስታ ቅዳሜ እሷ አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ ነበር። አሁን እሷ ስትቀልድ ጥርሴን አሳያታለሁ እንጂ ውስጤ ምንም የለም። ዓይኗ ስለደከመ አላየችብኝም አልኩ።

ያን ቀን ጠዋት እህቴ ስልክ ላይ ነበረች፤ እኔ ካውያ ላይ። "ምን ይሸታል?" አለች ልብስ የምትለየው ሴትዮ። ያሳረርኩት ሸሚዝ መስሎኝ ገልብጬ አየሁት፤ ነጭ ነው። "ሸሚዙማ ደህና ነው" አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነ። ቀኝ መዳፌ አቁሜ በተውኩት ካውያ ብረት ላይ ነበር። ከስልኩ ውስጥ እህቴ "ሰማኸኝ ግን? በለው እሺ" ትላለች።

ክሊኒክ ያከመችኝ ሲስተር ፋሻውን እየጠቀለለች አመመህ ወይ ብትለኝ አላውቅም አልኳት። እጇን አቆመች። ይህን የሚያህል ቃጠሎ አላውቅም አያሰኝም አለችኝ። እንቅልፌን ጠየቀችኝ፣ ምግቤን ጠየቀችኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የስልኩን ነገር ዘረገፍኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ጭንቅላትህ የሁለት ሰው ጠብ ማራገፊያ ሆኖ ነው የደነዘዘው አለች።

"በቃኝ በላቸው" አለችኝ። "ስትነግራቸው ደግሞ ምክንያት አታብዛ። ምክንያት ስታበዛ ይከራከሩሃል።"

ለተማረ ሰው ምክር ቀላል ነው ብዬ ወጣሁ። ምክንያት ግን ይዤ ነበር፤ ፋሻው። እጄ ታሽጓል፣ ስልክ መያዝ አልችልም አልኳቸው። ሁለቱም እስቲ ይማርህ አሉ፤ እንዴት ተቃጠልክ ያለኝ ግን የለም። ስልኩ ዝም አለ። ፋሻው ሊፈታ አካባቢ ምሳዬ ላይ ጨው መብዛቱን አወቅሁ። እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም፤ እኔ ግን ማንኪያውን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ፋሻው ተፈታ። ቅዳሜ እማዬ ጋ ስሄድ እህቴ ወጥ ቤት ጠራችኝና እጄን አየት አድርጋ "ዳንክ አይደል? ጎሽ" አለች። ማክሰኞ የእማዬ የዓይን ቀጠሮ ነው፤ ተራው የእሱ ነው፤ መኪናውን ይዞ ይምጣ፤ ካልመጣም እንዲህና እንዲያ በለው ብላ አወረደችው። የምደገፍበት ፋሻ የለም።

"እታለም፣ እኔ አልነግረውም" አልኳት።

"ምኑን?"

"የትኛውንም። ለራስሽ ጉዳይ ደውዪልኝ፣ ከሥራ ስወጣ አነሳለሁ። የእሱን ለእሱ። ከዛሬ ጀምሮ በእኔ በኩል አያልፍም።"

ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። "ማን ነው ያስጠናህ?"

"ማንም።"

"እናትህ ብትታወርስ?"

ይህንን እንደምትል አውቅ ነበር። ልመልስ አፌን ከፈትኩና ሲስተሯ ትዝ አለችኝ፤ ዘጋሁት። እህቴ እኔ የማላውቀው ሰው ሆነሃል ብላ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች።

ለወንድሜም ደውዬ፣ መልእክት እንዳይሆንብኝ የቀጠሮውን ወሬ ሳልነካ፣ ያንኑ ነገርኩት። እሱ ሳቀ።

"ይሄን ደግሞ የት ተማርከው? ስድስተኛ ክፍል ላይ መቼም አይሰጥም።"

"አይሰጥም ወንድም ጋሼ። ሰባተኛ ላይ ይሆናል፤ አንተ ስለደረስክበት ንገረኝ።"

ዘጋብኝ። እንዲህ ያለ መልስ ዕድሜ ልኬን ስመኝ ኖሬ ነበር። ወጣ፤ ምንም አልተሰማኝም።

ማክሰኞ የሆቴል አንሶላ የሚገባበት ቀን ስለሆነ ቀና የሚል የለም። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እህቴ ናት። እማዬ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ እንደምትጠብቅ ይታየኛል። ቀጠሮው ካለፈ ሌላ እስኪሰጣት ብዙ ትጠብቃለች፣ ዓይኗም አብሮ ይጠብቃል። እኔ ብደውልለት በአንድ ቃል ያልቃል። ለአንድ ቃል ሲባል ደግሞ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ልብስ የምትለየው ሴትዮ ኪሴን አየችው፣ ፊቴን አየችው። "ፖስታ ቤት ተዘግቷል" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለአንሶላው። ስልኩ ዝም እስኪል ተኮስኩ። ያን ቀን ቅጥ ያጣ ሰው እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አላነሳሁም።

የሆነውን የነገረችኝ ቅዳሜ እማዬ ናት። እህቴ እኔ ሳላነሳ ስቀር ጉድ እያለች ቆይታ፣ መጨረሻ ላይ በንዴት ለወንድሜ ራሱ ደወለችለት። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ "ይሄ ወንድምህ አብዷል" ነበር። እሱም "ለእኔም እንደዚያው ነው ያደረገኝ" አለ። መኪናውን ይዞ መጣ።

"እታለምህ ከፊት ተቀመጠች፤ ከሹፌሩ ጎን" አለች እማዬ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እኔ ከኋላ የተኛሁ መስዬ መንገዱን ሙሉ አንተን ሲያሙ ሰማሁ። እንዴት እንደተስማሙ ብታይ።" የሁለቱንም ድምፅ አስመስላ አወጣችው። ከዚያ መዳፌን ፈልጋ ያዘችና አዲሱ ቆዳ ላይ በአውራ ጣቷ ዳበሰችኝ። "ከፋህ አይደል ግን?"

"እንጃ እማዬ።"

"እንጃ ስትለኝ ከርመሃል። አታይም ብለህ ነው?"

መዳፌን እጇ ውስጥ ተውኩላት።

ስወጣ ሁለቱ ሳሎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሦስተኛ ብርጭቆ አልወጣም። እህቴ እኔን ሳታይ ወደ ወንድሜ ዞረች።

"ሲወጣ በሩን ይዝጋው በለው፤ ብርድ ይገባል።"

ወንድሜ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "በሩን ዝጋው ትልሃለች።"

ሁለታችንም ከእሷ አንድ ክንድ አንርቅም። አየሁት፤ ምን እንደተረከበ ገና አልገባውም።

"ሰምቻታለሁ" አልኩ።

ወጥቼ በሩን ዘጋሁት። እጀታው ብረት ነው፣ ቀዝቃዛ። ቀዝቃዛ መሆኑን አወቅሁ።