ጀርመን አንደኛ

አስጎብኚው ጋሻዬ ጎብኚ ይዞ ከቤተ ጊዮርጊስ ሲመለስ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይለቅም፤ እናንተ አገር ሕክምናው እንዴት ነው? እንግሊዙ ነፃ ነው፣ ወረፋው ግን ዓመት ይፈጃል አለው። አሜሪካዊቷ ፈጣን ነው፣ ግን ቤት ያሸጣል አለችው። ጃፓኑ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ይገባል፣ ያውም ለሦስት ደቂቃ አለ። ጀርመኑ ብቻ የሚያማርረው አጣ። ጋሻዬ ይህን ሁሉ አመዛዝኖ ለአገሮች ደረጃ ሰጠ፦ ጀርመን አንደኛ። የራሱን አገር ከነአካቴው አልቆጠራትም።

ነገሩ ለጨዋታ አልነበረም። የእናቱ የወይዘሮ ወለተ ሐና ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዐይናቸውን ይወጋል። ጎረቤታቸው ወለላ በየሳምንቱ በወረንጦ ትነቅልላቸዋለች፤ ጸጉሩ ግን መልሶ ይበቅላል፣ አዲሱ ደግሞ እሾህ ነው። አምና ገነተ ማርያም ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ባንችይርጋ ይህንኑ በቀዶ ጥገና እንደምታቃና ሲነገር፣ ጋሻዬ የእናቴን ዐይን ለነርስ አላስነካም፣ የውጭ ሐኪም አመጣለሁ ብሎ አስቀራቸው። እሳቸውም ልጄ ዓለምን ያውቃል ብለው እሺ አሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ምኞቱ ሰመረ፤ ከጎብኚዎቹ አንዷ የዐይን ሐኪም ሆና ተገኘች፣ ያውም ጀርመናዊት። ለምኖ ቤቱ ወሰዳት። ሴትዮዋ የእናቱን የዐይን ቆብ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ገለበጠችና ብዙ አየች።

«ይህ በሽታ እኛ አገር ከጠፋ ቆይቷል» አለችው። «ቀዶ ጥገናውን ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። እዚህ የሚሠራው ማነው?»

«አንዲት ነርስ ናት» አለ ጋሻዬ እያፈረ።

«እንግዲያው እሷ ዘንድ ውሰዳቸው። እኔም ስትሠራ ባይ ደስ ይለኛል።»

በማግስቱ ሦስቱም ገነተ ማርያም ሄዱ። ባንችይርጋ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ዐይን ያቃናች ሴት ናት፤ ጀርመናዊቷ ከጎኗ ቆማ በጋሻዬ አስተርጓሚነት እንደ ተማሪ ትጠይቃት ነበር። ነርሷ ሁለቱንም ዐይን መረመረች። ዛሬውኑ እሠራቸዋለሁ፣ ቀኙ ደህና ይሆናል አለች። ግራውን ግን ሽፋሽፍቱ ሲቧጥጠው ከርሞ ብሌኑ ነጭ ለብሷል፤ ሕመሙ ይቆም እንደሆን እንጂ ብርሃኑ አይመለስም።

«ግራው ማየት ካቆመ ስንት ጊዜው ነው፣ እናቴ?» ብላ ነርሷ ጠየቀቻቸው።

ጋሻዬ መልሱን ያውቀዋል። አምና ለፋሲካ በሁለቱም ያዩ ነበር። መተርጎሙን ተወ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ልጃቸው ወደቆመበት ዞር አሉ፤ ከዚያም ወደ ነርሷ ተመለሱ።

«ኧረ እሷስ የድሮ ናት፣ ልጄ» አሏት። «ይኸ ልጅ ሳይወለድ ነው የጠፋችው።»