ለዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ቡላ

ወንድሜ ዕንባቆም በእናታችን ቡላ ዶክተር ሊሆን ነበር። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኔ ጵርስቅላ፣ ሆሳዕና ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ እሱ ታናሼ ነው፣ በትምህርት ግን ጥሎኝ ሄዷል። አልክድም።

ሥራው ወርቅ ማድቀቅ ነው፤ ዓይን ቀርቶ ተራ ማይክሮስኮፕ የማያየው ናኖ ቅንጣት አድርጎ ውሃ ውስጥ ይሠራዋል። ያ ወርቅ እንደ ሐብል ቢጫ አይደለም፣ እንደ ከርከዴ ቀይ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ቢጫ መርዝ አለ፤ ማርከሻው ብቻውን ቢጨመርበት ንቅንቅ አይልም፣ ከዚህ ቀይ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ግን ዓይናችሁ እያየ ጥርት ይላል። ወርቁ ራሱ አያልቅም። ካታሊስት የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ችግሩ፣ ቅንጣቶቹ የሚለያያቸው ካላገኙ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሲጣበቁ ቀዩ ወደ ግራጫ ይዞራል፣ ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚባል የለም። ዕንባቆም በቡላ ለያያቸው፤ በእንሰት ቡላ። ወራት ተቀምጦ ቀይ! ጽሑፉ ውጭ አገር ታተመ፤ "ከቡላ በቀር ምንም አልተጨመረበትም" የሚለው ነበር ትልቁ ነገሩ። እናታችን አስካለች በምትኖርበት በጃጁራ ገበያ ስትወጣ እንኳን "የኔ ቡላ ወርቅ ይጠብቃል" እያለች ሴቱን ሁሉ አሰለቸች።

የመመረቂያ ሥራውን ሊያቀርብ ሲቃረብ አማካሪው ዶክተር ታዴዎስ "እስቲ በሌላ ሰው ቡላ ይሞከር" አሉ። ከአንጋጫም ከዱራሜም ገበያ ተገዛ። ሁሉም በማግስቱ ግራጫ ሆኖ ከታች ዘቀጠ። የእማዬ ብቻ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

"ጵርስቅላ፣ እማዬ ምን እንደምታደርግ አንቺ ሄደሽ እይልኝ" አለኝ ዕንባቆም።

ይህን ሁሉ ዓመት በቡላ ሲራቀቅ ቡላ ሲሠራ አይቶ አያውቅም እኮ! እኛ ጋ እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ ዝር አይልም፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው የሚቀመጡበት ስለሆነ ማለፍ እንኳን ነውር ነው። ታዲያ የጽሑፉን የአሠራር ክፍል የጻፈው እናቱን በስልክ ጠይቆ ነበር። "እንዴት ነው የምትሠሪው?" ሲላት "እንደ ሰው" አለችው። እሱም የሰውን አሠራር ጻፈ።

ሄድኩ። እማዬና ጎረቤቶቿ እየፋቁ፣ እየጨመቁ፣ እያወሩ ደረስኩ። ጭማቂው ተቀምጦ ነጩ ከታች ሲረጋ ከላይ ያለውን ውሃ ደፋችው። ከዚያ ከጓሮዋ ሎሚ ቆርጣ አመጣችና እየጨመቀችበት ታሸው ጀመር።

"እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"ሎሚ ነዋ።"

"ቡላ ላይ ሎሚ ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ይሄ ለዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ነው። የቤቱንማ ምን አስጨነቀኝ። ትልልቅ ሰዎች ፊት የሚቀርብ ነገር ጠቁሮ ልጄን ያሳፍረው? ሎሚ ያነጣዋል።"

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ወርቅን በሎሚ አሲድ ጨው ለያይቶ ማቆየት ዓለም ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው፤ ኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ወርቁን የጠበቀው ሎሚው ነው። ዕንባቆም አገኘሁ ያለው ነገር አልነበረም። እማዬ ደግሞ ደስ ብሏት ነጩን ታሳየኛለች።

ሆሳዕና ተመልሼ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። "አላየሁም በይ" አለኝ።

"ምን?"

"እስክመረቅ ብቻ። ከዚያ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ።"

ደሜ ፈላ። "አንተ ልጅ፣ አእምሮህን ሳትህ? ሰው አንብቦት በዚህ ቡላ ሲደክም ይኖራል እኮ!" አልኩት። እሱ ግን እንባው መጣ። ሰው አይደለሁ፣ አንጀቴን በላው። ወጣትነቱ ያለቀው እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አፌን ይዤ ወጣሁ፤ እኔ፣ ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሴት። ክፍል ገብቼ ሳስተምር እንኳን ተማሪዎቹን ቀና ብዬ ማየት አስጠላኝ።

ጥቂት ቀን ቆይታ እማዬ ደወለች። እንደ ወትሮዋ በሀዲይኛ ነው ያወራችኝ፣ ድምፅዋ ግን ልክ አልነበረም።

"ዕንባቆም ደውሎ ነበር። ሎሚውን እንዳትተዪ፣ ለሰው ግን እንዳትናገሪ አለኝ። ልጄ፣ ሎሚ መጨመር ኃጢአት ነው እንዴ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ደብቂ ይለኛል?"

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሰምታ ስትጨርስ "ቅዳሜ ይዘሽው ነይ" ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ስንደርስ ቤት አልነበረችም። ከእንሰቱ ውስጥ ሆና "ዕንባቆም፣ ወደዚህ ና" አለችው። እሱ አጥሩ ጋ ቆመ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ወደ ታች ሳቡ፣ አንዷ "ኧረ ወንድ ነው!" አለች። "ልጄ ነው፤ ይግባ" አለቻት እማዬ። ገባ። የረጋውን ቡላ ፊቱ አስቀመጠች፣ ሎሚውን ቆረጠች፣ ጨመቀችበት።

"አየህ?"

"አየሁ።"

"እንግዲህ አላየሁም አትበል። ሌላውንም አላየንም በሉ አትበል።"

እዚያው ቆሞ ዶክተር ታዴዎስ ጋ ደወለ። ውጭ አገር የታተመው ጽሑፉ እንዲነሳ ጠየቀ፣ ምክንያቱንም ነገራቸው። ሲጨርስ ሴቶቹ ሥራ አቁመው ያዩት ነበር።

"ማዕረጉ ቀረ?" አለችው እማዬ።

"ለጊዜው ቀረ።"

"በኔ ሎሚ?"

"በኔ ነው እማዬ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።" እውነቱን ነው የነገራት፤ እሷ ግን አላመነችውም። ጎንበስ ብላ እጇን ደጋግማ ታጠበች።

ዕንባቆም ሥራውን ከሀ ጀምሮታል፤ እንዴት እንደሚወጣው እግዜር ይወቅ። እማዬ አሁንም ዕቃ ትልክልናለች። ቅቤ ይሁን ቆሎ፣ የላከችው ሳይደርሰን ትደውላለች።

"ምንም አልጨመርኩበትም" ትላለች።