የቤት ቀጋ

አማቴ ሰካራም ነው ብለው የፈረዱብኝ ልጃቸውን ባገባሁ ሰሞን ነው። አናጺ ነኝ፤ ዕቃ የምወለውልበት ፖሊሽ በአልኮል የሚበጠበጥ ስለሆነ ማታ ቤት ስገባ ልብሴ መጠጥ መጠጥ ይሸታል። ጠብታ ቀምሼ አላውቅም ብዬ ብምል ብገዘት ወይ ፍንክች! ለጎረቤቱ ሁሉ ማር የሆኑት ሴትዮ እኔ ስገባ ኮሌታዬን ያሸታሉ፣ ዓይኔን ይመረምራሉ።

አንድ ጠዋት በር ላይ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"ይኸው! ዓይንህ ቢጫ ሆኗል። ጉበትህን ጨረስከው! ልጄን ባል አልባ ልታደርጋት ነው?"

ድካምና ማሳከክ ከጀመረኝ ቆይቷል፤ የሥራ ብዛት ነው ብዬ ንቄው ነበር። አማቴ ሊያጋልጡኝ እየጎተቱ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ደሜ ተመረመረ፤ ከጉበቴም በመርፌ ቅንጣት ተወሰደ። ውጤቱ በተነገረን ቀን ባለቤቴ እጄን ጨብጣለች፤ አማቴ ለምስክርነት እንደተጠራ ሰው ከፊት ተቀምጠዋል።

"መጠጥ አይደለም" አለች ልጅ እግሯ ዶክተር። "ቫይረስም አይደለም። በሽታ የሚከላከሉለት የገዛ ሴሎቹ ጉበቱን ጠላት ብለውታል። አንዱ 'ድረሱልኝ' የሚል መልእክት ይልካል፤ ሌሎቹ ግር ብለው ይመጣሉ፤ እነሱም በተራቸው ሌላ ይጠራሉ። ጉበቱ የሚቆጣውና የሚቆስለው በዚህ ነው። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አናተርፈውም ነበር።"

"ታዲያ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ በይኛ!" አሉ አማቴ።

ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። አማቴ ግን ያሉትን ራሳቸው መልሰው የሰሙት መሰለኝ።

የታዘዘልኝ ክኒን ተከላካዮቹን ያደክማል። በማግስቱ አማቴ አንድ ጠርሙስ የባህል መድኃኒት ይዘው ከች አሉ።

"መከላከያህ ደክሟል አይደል? ይሄ ያጠነክራል አሉኝ።"

"እማማ፣ እኛ እኮ እነሱን ልናደክም ነው የምንለፋው! እርስዎ ቀለብ ሊሰፍሩላቸው ነው?"

"ውይ በሞትኩት! ቀጋውን ውሃ ላጠጣው ነበር!" ብለው ጠርሙሱን እዚያው ደፉት።

ከወራት በኋላ ዓይኔ ጠራ፤ መጋዝ የማንሳት አቅሜም ተመለሰ። ለክትትል ስሄድ ዶክተሯን "እነዚህን ሴሎች ጭራሽ ማባረር አይቻልም?" አልኳት።

"ታዲያ ማን ይጠብቅዎታል? ረገብ እናደርጋቸዋለን እንጂ።"

የዚያን ዕለት ማታ አማቴ ቤታችን ነበሩ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

"እማማ፣ ሚስቴም ጓደኞቼም በየቀኑ ያዩኛል። ቢጫውን ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዛሬ በሕይወት ያለሁት በእርስዎ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

"እኔ እኮ ልወነጅልህ ነው ያየሁት" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

"ቢሆንም አይተውኛል።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቶሎ ብለው ቁጣቸውን መለሱት።

"ክኒንህን ውጠሃል?"

"ውጫለሁ።"

እንደ ልማዳቸው ወደ ኮሌታዬ ተጠግተው አሸተቱ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ፖሊሽ ነው" አሉ።