የሐሙሱ ፎቶ

ሀይሉ ሻንጣውን ከሊፍቱ እየጎተተ ሲያወጣ ጎረቤቱ ዓያንቱ በሯን ገርበብ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። “ነገርካት?” አለችው በዓይኗ ብቻ። ገና ነው በሚል ራሱን ነቀነቀ። ዓያንቱም ከበስተጀርባዋ የተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮችና ትልልቆቹ ድስቶች እንዳይታዩባት በሯን ቀስ ብላ ዘጋች።

ከኋላው የምትከተለው ሚስቱ ማስተዋል ግን ይህን ሁሉ የምታይበት ዓይን አልነበራትም። ከአየር ማረፊያው ጀምሮ ወሬዋ አላባራም። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስትሠራ ያጠራቀመችውን የዓመት ፈቃድ ይዛ፣ አብሮ አደጓ ቃልኪ ወዳለችበት እንግሊዝ ሄዳ፣ ሁለቱ የገጠሩንና የባሕሩን ዳር በአውቶቡስ ሲዞሩ ሰንብተው ነው የተመለሰችው።

ጉዞው ገና ሳይጋመስ እናቷ እትዬ እታገኘሁ ደብረ ማርቆስ ላይ አርፈው ተቀብረዋል። እነሱ በሚኖሩበት በፍሌሚንግተን ሰፈር ካለው ሐበሻ ይህን ያልሰማች እሷ ብቻ ናት። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ ኪዳነማርያም፣ “መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው አገር ብቻዋን ምን ልትሆን ነው? ትምጣና በማግስቱ በማለዳ ተሰብስበን እናረዳታለን” ብለው ቆረጡ። ደብረ ማርቆስ ያለው ወንድሟ ይርጋም ተስማማ። ሀይሉም እሺ አለ። ያን ጊዜ እሺ ማለት ቀላል መስሎት ነበር።

“ጉድ እኮ ነው፤ ሚስት ዘወር ስትል ጺም ማሳደግ ተጀመረ” አለች ጫማዋን እያወለቀች።

“ሰነፍኩ” አለ አገጩን እየዳበሰ።

“ና እስቲ በጎቹን እይልኝ። የሁሉም ጀርባ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። እረኛ የለ፣ ምን የለ። የድንጋይ አጥር ብቻ።”

“እና አይጠፉም?”

“እኔም እሱን ጠይቄ አስጎብኚው ሳቀብኝ።”

ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ስልኳ ላይ አረንጓዴው መስክ አለፈ፣ መስኮታቸው ላይ አበባ ያንጠለጠሉ የመንደር ቤቶች አለፉ፣ ነጩ ገደልና ከሥሩ ያለው ግራጫ ባሕር መጣ። ማስተዋል እንዲህ ደስ ብሏት ካያት ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ደስታዋ አንጀቱን በላው።

ከኮቷ ኪስ አንድ ክብ ጠጠር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

“ይኼ የእማዬ ነው። ‘ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ከዳሩ ጠጠርም ቢሆን አምጪልኝ’ ብላኝ ነበር። እስቲ ደውልልኝ። ይርጋ በደወልኩ ቁጥር ‘ተኝታለች’ ይለኛል። እማዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በቀን የምትተኛው?”

“አሁን እዚያ ጧት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ አይቀሩም።”

“ይሁና” ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። “ይቺን ነው አሳጥቤ የምልክላት።”

በፎቶው ላይ ጠጠራማው ባሕር ዳር ተቀምጣ ዓሣና ድንች በወረቀት ይዛለች። አንድ ነጭ የባሕር ወፍ ከእጇ ድንቹን ሲነጥቅ፣ እሷ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ሻርፗን ነፋሱ ወስዶታል። ሀይሉ ራሱን ረስቶ ከልቡ ሳቀ።

“እሳቸው እኮ ይኼን ሳቅሽን ይወዱት ነበር” አለ።

አማርኛ ክፉዋን ቃል ለመጨረሻ ነው የሚያቆያት፤ ሊውጣት በቻለ ነበር። አልዋጣትም። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም።

“ነበር?” አለች ማስተዋል።

“ማለቴ...”

“ሀይሉ። ነበር?”

ጺሙን አየችው። አሁን ሌላ ጺም ሆነባት።

“መቼ?”

“ሐሙስ።”

ማስተዋል ወደ ስልኳ አቀረቀረች። ያን ፎቶ ከባሕሩ ዳር ሆና ልካለት ስለነበር መልእክታቸውን ከፈተች። ሐሙስ ይላል። ከፎቶው ሥር ሀይሉ የጻፈው አለ፤ “ሳቅሽ ደስ ይላል፤ ሌላም ላኪ።” ይህን ሲጽፍ ጋሼ ኪዳነማርያም እዚሁ ሶፋ ላይ አጠገቡ ነበሩ።

“እሷን አፈር ሲያለብሷት እኔ ከወፍ ጋር እጫወታለሁ” አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

“ብቻሽን እንዳታለቅሺ ብለን ነው። እዚያ ማን አለሽ?”

“ብቻዬን እንዳላለቅስ ብላችሁ ብቻዬን አሳቃችሁኝ።”

ብትመታው ይሻለው ነበር። ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

“ነገ በማለዳ ጋሼ ኪዳነማርያም ይመጣሉ። ቄሱም...”

“ነገ?”

ተነሥታ ሻንጣዋን ከፈተች። ለንደን ቤተ ክርስቲያን የሄደችበትን ነጠላ ከልብሶቿ መሐል መዛ አወጣችና አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ጠጠሩን ከጠረጴዛው አንሥታ ጨበጠችው። እንባዋ ገና አልመጣም።

“በሩን ክፈተው” አለች።

ሀይሉ አመነታ። በዚህ ፎቅ ድምፅ ከፍ ያለ እንደሆነ የጥበቃ ሠራተኛ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ነገ ብለዋል፤ ሁሉም ነገር ለነገ ተዘጋጅቷል። ጋሼ ኪዳነማርያም “አንድ ቀን መታገሥ አቅቶህ?” እንደሚሉት ያውቃል።

“ሀይሉ፣ እናቴ ሞታ በር ዘግቼ አላለቅስም።”

ሄዶ በሩን ከፈተው። የዚህ ሕንፃ በር ሲለቁት ራሱ ነው የሚዘጋው፤ ከእጁ አምልጦ ተመልሶ ገጠመ። ሀይሉ የአየር መንገዱ ወረቀት ገና ያልተነቀለለትን ሻንጣ ጎትቶ አመጣና በሩን ዳግመኛ ከፍቶ አስደገፈው። በሩ ቆመ። ከበስተኋላው “እማዬ” የሚል ድምፅ ሲወጣ ዓያንቱ ወንበሮቹን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ነበረች።