ዳገቱ በሁለተኛ ማርሽ

ያን ሰሞን መዳፏ ሚዛን ሆኖ ነበር። ያገኘችውን ሁሉ አንስታ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ ዓይኗን ጨፍና ግራሙን ትገምታለች፣ ከዚያ የአጎቷ ሚስት የኬክ ዱቄት የምትመዝንባት ትንሽ ሚዛን ላይ አስቀምጣ ታረጋግጣለች። ማንኪያ፣ ሠላሳ ስምንት ግራም። የበር ቁልፍ፣ አሥራ አንድ። የአጎቷ መነጽር፣ ሃያ ስድስት፤ እሱ ግን መነጽሩን ፍለጋ ቤቱን እያመሰ ስለነበር ይሄኛውን ውጤት ለማንም አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ስሟ ተረስቶ «ግራም» ብቻ ሆና ቀረች።

«ግራም፣ እራት ቀርቧል።»

«መጣሁ እትዬ።»

«ሚዛኔንም ይዘሽ ነይ። ነገ የሰው ኬክ አለብኝ።»

ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። የእናቷ ወንድም በከፈተው የሞተር ማደሻ ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ ቆማ ብረት ስትቆርጥ አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። ጋራዡንና መኖሪያ ቤቱን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ከወዲህ መዶሻ ሲመታ ከወዲያ የእትዬ ኬክ መሃሉ ይሰረጉዳል፤ በዚህ የተነሳ በባልና ሚስቱ መካከል ሃያ ዓመት ያስቆጠረ ጭቅጭቅ አለ። ማን ልክ እንደሆነ እኛ አንፈርድም።

ነገሩን ያመጣው ፈጣኑ ነው። ፈጣኑ በአሮጌ የጭነት መኪና ፍራሽ የሚያመላልስ ሹፌር ሲሆን፣ ቅጽል ስሙ የወጣለት ለማሾፍ ነው። ከጋራዡ በር ሽቅብ የሚወጣውን ዳገት የሚጨርሰው በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ነው። ከኋላው የመኪና ሰልፍ ይረዝማል፣ ጥሩምባ ይደበላለቃል፣ እግረኛ ሰላም ብሎት አልፎት ይሄዳል። በሁለተኛ ማርሽ ለመውጣት ሞተሩ በደቂቃ አምስት ሺህ ዙር መድረስ አለበት፤ አራት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ግን ይንተባተብና ጉልበቱ ይከዳዋል። ፈጣኑም አንድ ቀን መኪናውን ጋራዡ በር ላይ አቁሞ፣ «ወይ አድኑልኝ ወይ ቅበሩልኝ» አለ።

የሞተሩ ችግር ለማንም የሚገባ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ትንፋሹን የሚያስገቡትና የሚያስወጡት ቫልቮች ከላይ ናቸው፤ እነሱን እየዞረ የሚያዛቸው ካምሻፍት ግን ከታች ነው። ስለዚህ ትእዛዙ በረጅም ዘንግ ሽቅብ ይሄዳል። ዘንጉ ሮከር የሚባለውን ክንድ ከአንድ ጫፉ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ክንዱም በሌላው ጫፉ ቫልቩን ወደ ታች ተጭኖ ይከፍተዋል። መልሶ የሚዘጋው ሞላ ነው። ቫልቭ በሁለት ዙር አንዴ ስለሚከፈት፣ በአራት ሺህ ሁለት መቶ ዙር ይሄ ሁሉ ብረት በሰከንድ ሠላሳ አምስት ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። ብረቱ ከከበደ ሞላው አይደርስበትም፤ ቫልቩ በቅጡ ሳይዘጋ ሌላ ትእዛዝ ከች ይላል።

«ጠንከር ያለ ሞላ እናስገባለት» አለ አጎቷ።

«ጠንካራ ሞላ ካምሻፍቱን ይበላዋል፣ ጋሼ። ሞላውን ከምናስጨንቀው ሸክሙን ለምን አናቀልለትም?»

«ብረት ከቀጠነ ይታጠፋል።»

እሷም የእትዬን የኬክ ወረቀት ሁለት ቦታ ቀደደችው። አንዱን ድፍን አድርጋ አጥብቃ ጠቀለለችው፣ ሌላውን ሰፋ ባለ ቱቦ ቅርጽ ጠቀለለችና ሁለቱንም ከላይ ወደ ታች በጣቷ ተጫነቻቸው። ቀጭኑ ጎበጠ። ሰፊው ቀጥ ብሎ ቆመ። «ያው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው» አለች፤ «ዘንጉን ሰፋ አድርጌ ውስጡን ክፍት ብተወው ይቀላል፣ ደግሞም አይጎብጥም።»

አጎቷ ወረቀቱን ብዙ አየው። ከዚያ ጨብጦ አጨማደደውና ኪሱ ከተተው።

«እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። «መኪናው ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ከወጣ፣ ወጣ። ካልወጣ ግን ከዚያ ወዲያ እኔ በሰጠሁሽ ልክ ትቆርጫለሽ። ብረት ማቅጠን የሚባል ወሬ ከዚህ ቤት ይወጣል።»

ቀልዱን እንዳልሆነ ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእሱን ብሎን በእሱ ልክ ስትቆርጥ ኖራለች፤ ይህ ዕድል ካመለጣት ጡረታ እስክትወጣ የሰው ልክ ስትቆርጥ መኖሯ ነው። ይህን ባሰበች ቁጥር የለካችውን መልሳ ትለካለች። ወዲያው ደግሞ ቶርኖው ሲዞር ታያለች፣ የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ሲወርድ ታያለች፣ እና ያለ ምክንያት ትስቃለች።

ሳምንቱን በሙሉ እንዲሁ ስትስቅ ሰነበተች። መቶ አሥር ግራም በነበረው ዘንግ ፋንታ ስልሳ ሁለት ግራም የሚመዝን አዲስ ቱቦ ዘንግ ሠራች። ስምንቱንም። ከተመሳሳይ ሞተር የተረፉ ሮከሮችን አንስታ የቫልቭ በኩል ጫፋቸውን በሞረድ አሳሳችው፣ ምክንያቱም የበለጠ የሚሮጠው ያ ጫፍ ነው። ሞላዎቹን ከላይ የሚይዙትን ቆቦች ሳይቀር ላጨቻቸው። እራት ላይ ቁጭ ብላ ጭልፋውን በመዳፏ ከፍ ዝቅ ስታደርግ እትዬ አየቻትና፣ «እሱን ደግሞ ብታቀጥኚብኝ አንላቀቅም» አለቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ገጠመችው። የእያንዳንዱን ቫልቭ ክፍተት ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ክዳኑን አሰረች፣ እጇን ታጠበችና ፈጣኑን ልትጠራ ወጣች። ቤቱ ሩቅ ነው፤ በእግሯ ደርሳ ለመመለስ አንድ ሰዓት ፈጀባት። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሮጠች፣ አንዴ ደግሞ ማንም አለማየቱን አረጋግጣ ዘለለች።

ስትመለስ አጎቷ የጋራዡ በር ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እትዬ ኬኳን በካርቶን ይዛ ዳገቱን ሽቅብ ለደንበኛ ልታደርስ ሄዳለች። ፈጣኑ ጭነቱ ላይ፣ የፍራሹ ክምር አናት ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ «በገዛ መኪናዬ ስፈጥን ከላይ ሆኜ ማየት አለብኝ» ብሎ። እሷ መሪውን ያዘች። አጎቷ የዙር ቆጣሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎኗ ገባ። ሞተሩ ተነሳ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰላም ነበር። በሁለተኛ ማርሽ ወደ ዳገቱ ገቡ፣ ሦስት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ፣ አራት ሺህ። አራት ሺህ ሁለት መቶ። እዚያ ላይ ያ የታወቀ መንተባተብ መጣ፣ ተርገፍገፍ አለ፣ ጉልበቱ ጠፋ፣ መኪናዋ ከዳገቱ ወገብ ላይ ዳር ይዛ ቆመች። ከላይ ከፍራሹ የፈጣኑ ድምፅ፣ «ደረስን እንዴ?» ሲል ተሰማ።

እሷ ወረደች፣ ኮፈኑን ከፈተች፣ ክዳኑን ፈታች። አጎቷ አልተከተላትም። አንድም ቀን በክርክር አሸንፎ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው፣ አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። እሷ አንዱን ዘንግ በጨርቅ ይዛ ሳበችው። ትኩስ ነበር። ግን ሙቀቱ አይደለም ያስደነገጣት፤ ክብደቱ ነው። መዳፏ ወዲያው አወቀው። መቶ አሥር።

«ጋሼ» አለች፤ «ይሄ የኔ አይደለም።»

አጎቷ ወረደ። ሊክድ አልሞከረም።

«እኔ ነኝ የቀየርኩት። ፈጣኑን ልትጠሪ ስትሄጂ። ሮከሮቹንም ከነማሰሪያቸው አንስቼ አሮጌዎቹን መለስኳቸው።»

«ለምን?» አለች። «አላምንሽም ብትለኝ ምን ነበረበት? ሳምንቱን ሙሉ እኮ አጠገቤ ቆመህ ስታየኝ ነበር።»

«በሃያ ስድስት ዓመቴ እኔም ዘንግ አቅጥኜ ነበር» አለ አጎቷ። «በሞረድ። የልጅ ሥራ። አስተማሪዬ ፊት ሞተሩን ባስነሳሁ በደቂቃው ታጠፈ። ሰውዬው የታጠፈውን ዘንግ አውጥቶ በሩ ላይ ሰቀለው፤ ዓመት ሙሉ በሥሩ ጎንበስ እያልኩ ገባሁ፣ ወጣሁ። አንቺን እንዲያ እንዳያገኝሽ ነው። ባይወጣ የምትናደጂው ሥራሽን በከለከልኩሽ በኔ ነው፣ ቢታጠፍ ግን በራስሽ ነው። በኔ ብትናደጂ ይሻላል ብዬ ነው።»

ተናዳለች፣ በጣም ተናዳለች። በዚያው ልክ ግን ይሄ ግትር ሽማግሌ አሳዘናት፤ ከሁለቱ የትኛውን ቀድማ እንደምትናገር ግራ ገባት። «የኔዎቹስ የት ናቸው?» ብቻ አለች።

«እቤት። ቶሎ እንዳታገኚያቸው ብዬ ባዶ የኬክ ካርቶን ውስጥ ነው ያደረግኳቸው።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ከዳገቱ አናት እትዬ ስትወርድ ታየች። ካርቶን ታቅፋለች። አካሄዷን ያየ ሁሉ መንገድ ይለቅላታል።

«የሰው ቤት አዋረድከኝ» አለች ባሏ ፊት ስትደርስ። «ሴትዮዋ እንግዶቿን ሰብስባ፣ ቢላ ይዛ፣ ካርቶኑን ስትከፍተው ብረት። ስምንት ዘንግ፣ ከነሮከራቸው። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ይሄ በምን ይቆረጣል?› አለችኝ።»

ፈጣኑ ከፍራሹ ላይ በሳቅ ተንከባሎ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ግራምም ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አጎቷ ትንሽ ታገለ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ኋላ እሱም ተሸነፈ። እትዬ ብቻ አልሳቀችም፤ «ኬኩ እቤት እየደረቀ ነው» ብላ ካርቶኑን አስረክባቸው ወደ ቤት ወረደች።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ፈጣኑ ሁለት ፍራሽ አውርዶ መንገዱ ዳር አነጠፈና አንዱ ላይ ዘንጎቹና ሮከሮቹ ተደረደሩ፣ ሌላው ላይ አላፊ አግዳሚው ጥግ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። ግራም ገጠመች፣ አጎቷ ቁልፍ አቀበለ። አሥራ አንድ ዓመት ስታቀብል የኖረችው እሷ ስለነበረች የሚባለውን አላጣችም፤ «አሥራ ሦስት ነው ያልኩህ፣ ጋሼ፣ አሥራ አራት አይደለም» ስትለው «ይቅርታ» ብሎ ቀየረላት። ክፍተቶቹን ለካች። ደግማ ለካች። እትዬ ኬኩን አድርሳ ስትመለስ ክዳኑ እየታሰረ ደረሰች። «ደግሞ ሌላ ነገር ሳትቀይር እጠብቅሃለሁ» ብላ ባሏን ወደ መሃል ገፍታ ገቢናው ውስጥ ተጨናነቀች።

ወደ ዳገቱ ሥር ተመልሰው ዞሩ። ፈጣኑ ከላይ ጣራውን መታ መታ አደረገ። ግራም ሁለተኛ ማርሽ አስገባችና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠችው።

አራት ሺህ። አራት ሺህ ሁለት መቶ። አጎቷ የዙር ቆጣሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ትንፋሹን ያዘ። አራት ሺህ ሁለት መቶ አለፈ። መንተባተብ የለም፣ መርገፍገፍ የለም፣ ሞተሩ እንዲያውም ድምፁ ጠራ። አራት ሺህ ስምንት መቶ። «አምስት ሺህ» አለ አጎቷ በሹክሹክታ። አንድ ታክሲ አለፉ። «አምስት ሺህ ሁለት መቶ።» ሁለተኛ ታክሲ አለፉ፣ ሹፌሩ ፍራሽ ሲያልፈው አይቶ አንገቱን በመስኮት አሰገገ። ከላይ ፈጣኑ ያለፉትን ሁሉ በእጁ እየተሰናበተ ይዘፍናል። እትዬ የዳሽቦርዱን እጀታ ጨብጣ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ኧረ ቀስ» ትላለች፣ ግን እየሳቀች ነው። ግራም የምታደርገው ጠፍቷት ጮክ ብላ የዘንጎቹን ግራም ትቆጥራለች፤ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሁለት፣ ስምንቱንም። መንገዱ ሳያስቡት ሜዳ ሆነ። ዳገቱ አልቋል።

ዳር ይዛ አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋው ተወችው። ደስታዋን የት እንደምታስቀምጠው ቸግሯት እትዬን ሳመች፣ መሪውን መታች፣ ከዚያ አጎቷን ለማየት ዞረች። ሌላው ቢቀር «ጎበዝ» ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር።

አጎቷ ግን አላያትም። መነጽሩን እያስተካከለ ኪሶቹን ይፈትሻል። ከአንዱ እርሳስ አወጣ፣ ከሌላው ያን የተጨማደደ የኬክ ወረቀት፤ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገው። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ስትሠራ ከሰው አፍ ሰምቶ ሲጽፍ አይታው አታውቅም።

«የቱቦውን ግድግዳ ስንት ሚሊ ተውሽው?» አለ።

«አንድ ነጥብ ሁለት።»

ጻፈ። «ጫፉንስ እንዴት ዘጋሽው?»

ልትነግረው ስትጀምር ፈጥና ተናገረች፤ ሁሌም ስትደሰት ትፈጥናለች። አጎቷ እርሳሱን አነሳና፣ «ቆይ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አላት፤ «እኔ እስክጽፍ።»